ብሩ የት ነው የተደበቀው? አግዙኝ እስቲ

ሰላም ወገኖች። ጎንደር ነኝ፣ የጂኦሎጂ መመረቂያ ጽሑፌ ላይ ቆሜያለሁ። ርዕሴ ገና ያልለማ የእርሳስና የብር ክምችት ነው። አከራዬ "እስክሪብቶ አይሻልህም?" እያሉ ይስቁብኛል።

ክምችቱ እዚህ አይደለም። የኛ አካባቢ ባዛልት (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ነው፣ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ። ያለኝ የቆየ የቁፋሮ ሪፖርትና አንዲት የጋሌና (እርሳስ የሚወጣበት ማዕድን) ድንጋይ ናት። ከአውራ ጣቴ አትበልጥም፣ ክብደቷ ግን ጉድ ነው፤ ከውሃ 7.5 እጥፍ። በመዶሻ ነካ ሳደርጋት ጠርዟ ትናንሽ ኩብ ኩብ ሆኖ ተሰበረ።

ትኩስ ፈሳሽ በአለት ስንጥቅ ሽቅብ ሲወጣ፣ ሲቀዘቅዝም ማዕድኑን ጥሎ እንደሚያልፍ ገብቶኛል። ንጹሕ ጋሌና 86.6 በመቶው እርሳስ ነው። ብሩስ? ክሪስታሉ ውስጥ ገብቶ ነው ወይስ እንደ ቴትራሄድራይት ባሉ ጥቃቅን ማዕድናት ተይዞ? ሁለቱም ያጋጥማል ይባላል። በማይክሮስኮፕ ብቻ መለየት ይቻላል?

ደግሞ ስንጥቁን የሞላው የማዕድን ሥር አንዴ ክንድ ያህል ይሰፋል፣ አንዴ ጣት ያህል ይቀጥናል። በሁለት ጉድጓድ መረጃ ወደ ታች መቀጠሉን እንዴት ልናገር? አማካሪዬ "ገምት" ብሎኝ ሄደ። በግምት ልመረቅ እንዴ? የሠራችሁበት ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ማስረከቢያው ደርሷል።