ክርክር፦ «ተማሪ ተኮር» ማስተማር 74 ልጅ ባለበት ክፍል ይሠራል ወይ?

የአንደኛ ክፍል መምህርት (ከገጠር ትምህርት ቤት)
ለቡድናችን አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። የማስተምረው አንደኛ ክፍል ነው፤ በስም መጥሪያዬ ላይ 74 ልጆች አሉ። በቀደም የክፍል ምልከታ ተደርጎልኝ «መምህርቷ ብቻዋን ታወራለች፤ አቀራረቧ ተማሪ ተኮር አይደለም» የሚል አስተያየት ተጽፎብኛል። ተማሪ ተኮር ማለት መምህሩ ገለጻውን ቀንሶ፣ ልጆቹ ራሳቸው እየሠሩና እየተወያዩ ይማሩ ማለት ነው። በዚያ ክፍለ ጊዜ የማስተምረው የ«ለ»ን ቤት ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ «ሌ»ን ከጓደኛው ጋር ተወያይቶ እንዴት እንደሚደርስባት እስካሁን አልገባኝም።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ይህ ቃል ከመመሪያ ወደ መመሪያ ሲንከባለል ኖሯል። ኮሌጅ ሳለን ማስተማር ከልጁ ይነሣ ያሉትን የውጭ ሊቃውንት፣ የሩሶን፣ የፔስታሎዚን፣ የፍሮብልን፣ የሞንቴሶሪንና የዲዊን ስም ለፈተና ሸምድደናል። (የሽምደዳን ክፋት የሚያስተምረውን ኮርስ ሸምድደን ማለፋችን ራሱን የቻለ ጉድ ነው።) እነዚህ ሰዎች ያሰቡት ነገር ለእኛ ክፍል ይሆናል? ካልሆነ በግልጽ ተነጋግረን ጠመኔያችንን እንያዝ።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት (አዲስ አበባ)
እህቴ፣ የተጻፈብሽ አስተያየት አናዶኛል፤ ግን ጥፋቱን በሞንቴሶሪ ላይ አትጣይው። ብዙ ሰው ሞንቴሶሪ ሲባል ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ አሥራ አምስት የሀብታም ልጆች የሚንሸራሸሩበት ክፍል ይታየዋል። ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት የከፈተችው ሳን ሎሬንሶ በተባለ የሮም የድሆች ሰፈር ነው። ቤቱም የተከፈተው ሕንፃዎቹን የሚያድሰው ማኅበር፣ ወላጆቻቸው ሥራ ሲውሉ ደረጃና ግድግዳ የሚያበላሹትን ልጆች የሚይዝለት ስላጣ ነው። ሃምሳ ያህል ልጆች በአንድ ክፍል ነበሩ፤ የምትጠብቃቸውም በመምህርነት ያልሠለጠነች ሴት ነበረች።

«ልጁን ልቀቀው፣ ራሱ ያገኘዋል» አለማለቷንም ልብ በይ። ፊደል የምታስተምረው እንዲህ ነው። ፊደሉ ከአሸዋ ወረቀት ተቆርጦ በሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ልጁ በሁለት ጣቱ፣ እጅ ሲጽፍ በሚሄድበት አቅጣጫ እየዳሰሰ ድምፁን ይላል። መምህሯ በመጀመሪያ «ይህ ለ ነው፣ ይህ መ ነው» ትላለች። ቀጥላ «ለ የቱ ነው? አሳየኝ» ትላለች። በመጨረሻ አንዱን ብቻ ይዛ «ይህ ምንድን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ልጁ ሦስተኛው ላይ ከተሳሳተ አትቆጣም፤ ሰብስባ ሌላ ቀን ትመለስበታለች። ይህን ሥርዓት የወሰደችው የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ያስተምር ከነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም ከሴጌን ነው። እሷም ሐኪም ነበረች። ታዲያ ይህ ቀጥታ ማስተማር አይደለም? ከእኛ የሚለየው ልጁ በዳሰሳ መማሩና ተራው ሳይደርስ አለመጠየቁ ነው።

መምህር (ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ)
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ እኔ በጠመኔው ወገን ነኝ።

ከዲዊ ልጀምር። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የከፈተው የሙከራ ትምህርት ቤት ልጆች ምግብ እያበሰሉ ኬሚስትሪ፣ እየሸመኑ ታሪክ የሚማሩበት ድንቅ ቦታ ነበር። ነገር ግን በ1902 ትምህርት ቤቱ 140 ያህል ተማሪዎችና 23 መምህራን ነበሩት፤ ረዳቶቹ ሳይቆጠሩ። ለአንድ መምህር ስድስት ልጅ! በዚያ ስሌት ለእህታችን ክፍል አሥራ ሁለት መምህራን ያስፈልጋሉ። ራሱ ዲዊም እ.ኤ.አ. በ1938 ባወጣው መጽሐፍ በስሙ የሚምሉ ትምህርት ቤቶችን ያለ ዕቅድ ልጆችን ይለቃሉ ብሎ ተችቷቸዋል። ይህን ኮሌጅ ውስጥ የነገረን ሰው አልነበረም።

የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ለዓመታት የድሃ ልጆችን የማስተማር ዘዴዎች በሰፊው አነጻጽሯል። በንባብና በሂሳብ መሠረታዊ ችሎታ ቀድሞ የወጣው መምህሩ ደረጃ በደረጃ፣ ቃል በቃል በተዘጋጀ መመሪያ የሚያስተምርበት ዘዴ ነው። የሚገርመው እነዚያ ልጆች በራስ መተማመንም ከሌሎቹ አላነሱም። ንባብን በተመለከተ እዚህ አገር ለአሥርተ ዓመታት «ልጁ መጽሐፍ ከወደደ ማንበብ ይመጣለታል» ሲባል ኖሮ፣ አሁን ብዙ ክፍለ ግዛቶች ድምፅና ፊደልን በግልጽ ወደ ማስተማር እየተመለሱ ነው። አገር ቤት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ችግሩ የተጀመረው 12ኛ ክፍል ነው የሚል አለ?

የሦስት ልጆች እናት
እኔ መምህር አይደለሁም፤ ከፋይ ነኝ። ልጄን በሩ ላይ «ሞንቴሶሪ» ተብሎ በትልቁ ወደተጻፈበት መዋዕለ ሕፃናት አስገባሁ። የአራት ዓመቷ ልጅ በየማታው ሁለት ገጽ የእንግሊዝኛ ፊደል ስትገለብጥ ታመሻለች፤ እንቅልፍ ሲጥላት እርሳሱን እኔ እይዝላታለሁ። ሞንቴሶሪ ይህ ከሆነ ሴትዮዋን ይቅር ይበላት።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት
ይቅርታ የሚያስፈልጋትስ እሷ አይደለችም፣ እናቴ። ስሙ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ እንኳን እ.ኤ.አ. በ1967 ማንም ሊጠቀምበት የሚችል የወል ስም ነው ተብሎ ተወስኗል። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ክፍሉን ይዩት። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆች አብረው ከሌሉ፣ ልጅ ከመደርደሪያ አንስቶ ወደ ቦታው የሚመልሰው ዕቃ ከሌለ፣ ጽሑፉ የበር ጌጥ ነው።

ጡረታ የወጣ ሱፐርቫይዘር
መምህርት፣ የጻፈብሽን ሰው ሥራ ለረጅም ዓመታት ሠርቼዋለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ልከራከርለት። የምልከታ ቅጹ ላይ «ተማሪዎች በቡድን ይሠራሉ» የሚል ሳጥን አለ፤ ምልክት ካላደረገ እሱም ከበላዩ ይጠየቃል። አንድ ዘዴ በቅጽ ሲለካ ወንበር ማዞር ይሆናል። አምስት ልጅ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ጎበዙ ይጽፋል፣ አራቱ ያዩታል፤ ሳጥኑም ምልክት ያገኛል።

ቢሆንም በቀድሞው አሠራር ላይ ናፍቆት አይያዘን። እኔ የተማርኩበት ክፍል ፀጥታ ነበረው፤ ፀጥታው የፍርሃት ነበር። ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ልጆች አንድ ዓመት ሙሉ ድምፃቸው ሳይሰማ ይወጡ ነበር። የ1986ቱ ፖሊሲ የተነሣው ያንን ሊሰብር ነው፤ ይህ ሐሳብ ትክክል ነበር። ከቨርጂኒያ የጻፍከው ወንድሜ፣ 3.3ቱን በተማሪ ተኮር ዘዴ ላይ ማላከክህ ግን አልተዋጠልኝም። ዘዴው በስም እንጂ በተግባር ወዴት ገባና? በየክፍሉ ሲካሄድ የኖረው ገለጻ ነው። ያልተሞከረ ነገር እንዴት ወደቀ ይባላል?

መሪጌታ (ከጎጃም)
ልጆቼ፣ ሁላችሁም የውጭ ሰው ስትጠሩ ዝም ብዬ አነበብኩ። የቄስ ትምህርት ቤት ሲነሣ «ሽምደዳ» ተብሎ ይታለፋል። እስቲ ቀርባችሁ እዩት።

ልጅ መጀመሪያ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያለ፣ በስንጥር እየነካ ይቆጥራል። ይህ በቃል ነው፤ አልክድም። ዜማው ከያዘው በኋላ ግን ዓይኑን ጨፍኖም ይለዋል፤ ማወቁና አለማወቁ አይለይም። ለዚህ ነው አባቶች አቡጊዳን ያስከተሉት። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል ተራው ሁሉ ይፈርሳል፤ ልጁ የለመደው ዜማ ስለማይረዳው ግድ ፊደሉን ማየት አለበት። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስን በቁጥር፣ በግዕዝ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እያለ በንባብ ደረጃዎቹ ይወጣል፤ ቀጥሎ ዳዊት። ክፍል የሚባል ነገር የለም። አንዱ በስድስት ወር፣ ሌላው በሁለት ዓመት ይጨርሳል፤ የቀደመው የኋለኛውን ያስቆጥራል፤ የኔታ አንድ በአንድ ይሰማሉ። መምህርት ከአዲስ አበባ የጠቀሰችው በየአቅሙ መሄድና የዕድሜ መደባለቅ ይኸው ነው።

ቅኔ ቤት ስትገቡ ደግሞ ተማሪው በየቀኑ የራሱን ካልተቀኘ ተማሪ አይባልም። ሁለት ቤት ካለው አጭሩ ቅኔ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ረጅሙ መወድስ ይደርሳል፤ መምህሩ ሰምተው ያርማሉ። የሌላ ሰው ቅኔ ደግሞ ቢያቀርብ ውርደት ነው። ከዚያ በፊት ግን ግስ ሳይገስስ፣ ማለትም የግዕዙን ግሶች በቃሉ ሳያጠና፣ ማንም አይቀኝም። እኔ የማየው ክርክራችሁ ግስ ያልገሰሰውን ልጅ ቅኔ ተቀኝ በማለትና፣ የገሰሰውን ዕድሜውን ሙሉ ግስ ላይ በማስቀረት መካከል ነው። ዱላውን ግን አላደንቅም፤ እኔም ቀምሼዋለሁ፤ ማንንም ሊቅ አላደረገም።

መምህር (ቨርጂኒያ)
መሪጌታ፣ የአቡጊዳው ነገር አስደንቆኛል። እኛ እዚህ ልጁ በቃሉ ይዞ እንዳያታልለን ፊደላቱን በካርድ አደባልቀን እናሳያለን፤ ያው አይደል? ግን ይህ የእኔን ነጥብ ያጠናክራል፤ ደረጃውን የሠሩት አዋቂዎች ናቸው። ልጁ አልመረጠም።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት
ደረጃውን አልመረጠም፤ ፍጥነቱን ግን የወሰነው እሱ ነው። ልጅን ማዕከል ማድረግ ማለት ለእኔ ይህ ነው። የጠቀስከውንም የአሜሪካ ጥናት ሙሉውን ንገረን እንጂ። ያኔውኑ የተቹት ምሁራን እንዳሳዩት፣ አንዱ ዘዴ ከቦታ ቦታ ያሳየው የውጤት ልዩነት ዘዴዎቹ እርስ በርስ ካሳዩት ይበልጥ ነበር። ሌላም አለ፤ ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ የመንግሥት ሞንቴሶሪ ትምህርት ቤት በዕጣ የገቡና ዕጣ ያልወጣላቸው ልጆች ተነጻጽረው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል። የአምስት ዓመቶቹ በንባብም በሂሳብም የተሻሉት ሞንቴሶሪ የገቡት ናቸው። ዕጣ ስለሆነ «የተማሩ ወላጆች ልጆች ናቸው» ብለህ አታመልጥም።

መምህር (ቨርጂኒያ)
አላመልጥም፤ ጥሩ ጥናት ነው። ግን አንድ ትምህርት ቤት ነው፤ መምህራኑም የሠለጠኑ፣ ዕቃውም የተሟላ ነው። ወደ 74ቱ እንመለስ።

የአንደኛ ክፍል መምህርት
አዎ፣ እባካችሁ ወደ 74ቱ። የአሸዋ ወረቀት የለኝም፤ አሸዋ ግን ሞልቷል። ካርቶን ቆርጬ፣ ሙጫ ቀብቼ አሸዋ ብነሰንስበት እንደሚሠራ ትናንት በአምስት ፊደላት ሞክሬ አይቻለሁ፤ ልጆቹ ተሻምተውበታል። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። መሪጌታ «የኔታ አንድ በአንድ ይሰማሉ» ይላሉ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ለአንድ ልጅ ግማሽ ደቂቃ ብሰጥ ስም ሳልጠራ አልቋል። ማን ይሰማልኝ?

መሪጌታ
ያወቁት ያልያዙትን ያስቆጥሩ። አሥር ልጅ ፊደሉን ከለየልሽ አሥር መምህር አለሽ። አንቺ የምትሰሚው አሥሩን ነው፤ ሲሳሳቱ ስሕተቱ ወደ ሌላው እንዳይሻገር።

ጡረታ የወጣ ሱፐርቫይዘር
አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አሥሩ ሁልጊዜ እነዚያው አሥር ከሆኑ አንድ ለአምስት የሚባለው የቡድን አሠራር ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ጎበዙ ይሠራል፣ ሌላው ያያል፤ የጎበዙ ወላጅም «ልጄን ያለ ደመወዝ አስቀጠራችሁት» ብሎ ይመጣል። በየሳምንቱ ይለዋወጡ። ለ«ለ» ቤት አስቆጣሪ የነበረው ለ«ሸ» ቤት ተቆጣሪ ይሁን። ቀጥሎ ክፍልሽ የሚገባው ሱፐርቫይዘር ደግሞ ከልጆቹ አንዱን አስነሥቶ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ጋብዢው።

መምህር (ቨርጂኒያ)
በዚህ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። አስቆጣሪዎቹ ከመነሣታቸው በፊት በየቀኑ ሩብ ሰዓት አንቺው ራስሽ፣ ፊት ለፊት ቆመሽ፣ ለሁሉም አስተምሪ። ያንን ሩብ ሰዓት «ብቻዋን ታወራለች» ብሎ የሚጽፍ ካለ ይጻፍ።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት
አሥር ደቂቃ ይበቃል። የቀረውን አምስት ለአሸዋው ስጪው።