የጀልባችንን ፐርኪንስ ሞተር በትራክተር መለዋወጫ መጠገን እስከ ምን ድረስ ይቻላል?

ጠያቂ፦ የዘጌ መስመር

ሰላም ለሁላችሁ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ጎብኚዎችንና ገዳማትን የሚሳለሙ ምእመናንን የምናመላልስበት የብረት ጀልባ አለን። ሞተሩ አራት ሲሊንደር ያለው የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር ነው፤ ከእኛ በፊት የነበሩት ባለቤቶች ቀለም በቀለም ላይ ስለደራረቡበት ግን መለያ ሰሌዳው አይነበብም። ባለፈው ወር እምቦጭ የውኃ መሳቢያውን አፍ ደፍኖት ሞተሩ ከልክ በላይ ጋለ። የሙቀት መለኪያውን አይቼ እስካጠፋው ድረስ የሐይቁን ውኃ የሚስበው ፖምፓ የጎማ ክንፎቹ ተቆራርጠው ነበር። አሁን ደግሞ ዘይቱ እንደ ወተት ስለነጣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) መሄዱን አልጠራጠርም። የጭስ ማስወጫ ማኒፎልዱም በአንድ በኩል የተሰነጠቀ ይመስላል።

ለጀልባ ተብሎ የሚሸጠውን ዕቃ ከውጭ ለማስመጣት ምንዛሬውም ጊዜውም የሚፈቅድልን አይደለም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የላክሁት ሰው ፎቶግራፉን ለአንድ ነጋዴ ቢያሳየው፣ «ይህማ የማሲ ፈርጉሰን ትራክተር ሞተር ነው፤ ሁሉም ዕቃ አለኝ» አለው። ያሰጋኝ ይህ «ሁሉም» የሚለው ቃል ነው። ጓርኒሲዮኑን፣ የውኃ ፖምፓዎቹን፣ ቴርሞስታቱን፣ ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) እና ማኒፎልዱን ከትራክተር ዕቃ ብንገዛ የትኛው ያለ ስጋት ይገጥማል፣ የትኛውስ ሐይቁ መሐል ጥሎን ይቀራል? በሥራው ያለፋችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ትራክተር ጠጋኙ

ወንድሜ፣ ነጋዴው አልዋሸዎትም፤ ነገር ግን ያልነገረዎት ብዙ ነው። ፐርኪንስ ይህን የሞተር ቤተሰብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲሠራ ብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ ዋና አካል) ለትራክተርም፣ ለጭነት መኪናም፣ ለጄኔሬተርም፣ ለጀልባም አንድ ነበረ፤ የሚለያዩት በዙሪያው የሚታሰሩት ዕቃዎች ናቸው። ስለዚህ ወደ ገበያ ከመሄድዎ በፊት ብሎኩን ይለዩ። በብሎኩ ጎን የተደራረበውን ቀለም በሟሟ አርሰው በጥንቃቄ ቢያነሡት የተመታ ቁጥር ያገኛሉ። ቁጥሩ «ኤል» እና «ዲ» በሚሉት የላቲን ፊደላት ከጀመረ ሞተርዎ 4.236 ነው። ስሙ ራሱ አራት ሲሊንደርና 236 ኪዩቢክ ኢንች ማለት ሲሆን፣ በእኛ አነጋገር 3.86 ሊትር ገደማ ይሆናል።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን በብዛት የሚታወቀው ማሲ ፈርጉሰን 290 የሚሠራው በታናሽ ወንድሙ በ4.248 ነው። ሁለቱን ሞተሮች ጎን ለጎን ቢያቆሟቸው ከውጭ መንትያ ናቸው፤ የፒስተኑ ምት በሁለቱም 127 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት ግን በ4.236 ላይ 98.4፣ በ4.248 ላይ 101 ሚሊ ሜትር ነው። «የማሲ ፒስተን» ብለው ጠይቀው የ290ን ከተቀበሉ ዕቃው አዲስ አበባ ተመልሶ ይሄዳል። ቴስታታው አንድ ጊዜ ከተነሣ ዘንድ ቁጥሩን ብቻ አይመኑ፤ የሲሊንደሩን ስፋት በካሊፐር ለክተው ይጻፉት፤ ከዚህ ቀደም የተከፈተ ሞተር ውስጥ ምን እንደተገጠመ ማንም አያውቅምና።

በዘይትና በናፍጣ ብቻ የሚገናኙትን ዕቃዎች፣ ማለትም ብሮንዚናዎችን (ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርባቸውን ማረፊያዎች)፣ ቫልቮችን፣ የዘይትና የናፍጣ ፊልትሮዎችን፣ ናፍጣ የሚስበውን ትንሽ ፖምፓ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮንን ሳይቀር በሞተሩ ቁጥር እስከ ጠየቁ ድረስ ከትራክተር ዕቃ ሻጭ ያለ ስጋት መግዛት ይችላሉ። ጓርኒሲዮኑ በየጊዜው የተለያየ ዓይነት ስለወጣለት አሮጌውን ሳይጥሉ ይዘው ይሂዱና ቀዳዳ በቀዳዳ ያስተያዩት። የክራንክ ሻፍቱ የኋላ ዘይት መከላከያም በቀደሙት ሞተሮች ላይ የገመድ ዓይነት፣ በኋለኞቹ ላይ የጎማ ቀለበት ስለሆነ ሳይከፍቱ አይግዙት። ብሎኖቹ የኢንች ጥርስ ያላቸው መሆናቸውንም ለረዳትዎ ይንገሩት፤ የሚሊ ሜትር ብሎን ሁለት ዙር ገብቶ የጠበቀ መስሎ ጥርሱን ሲበላው እኔው ራሴ አይቻለሁ፣ ያውም በገዛ እጄ። ቴስታታው ግሎ ስለነበር ደግሞ ከመመለሱ በፊት ቶርኖ ቤት ወስደው ለጥ ያለ መሆኑን ያስለኩት፤ የጎበጠ ቴስታታ አዲሱንም ጓርኒሲዮን ይበላዋል።

መልስ፦ የምጽዋው መካኒክ

ልጄ፣ የትራክተሩ ባለሙያ ስለ ብሎኩ የነገረህን ተቀበል፤ እኔ በባሕር ኃይሉ ዘመን ምጽዋ ላይ በሞተር ክፍል ስላገለገልሁ ትራክተር በማያውቀው በኩል፣ በውኃው በኩል ልጨምርልህ።

አስቀድሞ ቴስታታውን ለማንሣት አትቸኩል። ትራክተር ላይ ዘይት ከነጣ የሚጠረጠረው ጓርኒሲዮን ነው፤ ጀልባ ላይ ግን ውኃ ወደ ዘይት የሚገባባቸው ሌሎች በሮች አሉ። አንደኛው የዘይት ማቀዝቀዣው ነው። በውስጡ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ በአንድ ወገን ዘይት፣ በሌላው ወገን ውኃ ያልፋል፤ አንዱ ቱቦ ከተበሳ ሁለቱ ይገናኛሉ። ፈተህ አውጣው፣ አንዱን ወገን ዝጋ፣ በሌላው ትንሽ አየር ሙላበትና ባልዲ ውኃ ውስጥ ንከረው፤ አረፋ ካየህ ምክንያቱን አገኘህ። ሁለተኛው የሐይቁን ውኃ የሚስበው ፖምፓ ነው። ፖምፓው በቺንጊያ ሳይሆን በሞተሩ ጊር የሚዞር ከሆነ በውኃውና በዘይቱ መካከል ሁለት መከላከያ ጎማዎች አሉት፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ አንዱ ሲያረጅ ውኃው ወደ ውጭ እንዲንጠባጠብ የተተወ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ሞተሩ ቀለም በቀለም ላይ ተቀብቷል ብለሃል። ያ ቀዳዳ በቀለም ተደፍኖ ከሆነ ውኃው የሚወጣበት አጥቶ ወደ ዘይቱ ይሄዳል። በቀጭን ሽቦ ፈትሸው፤ በነጻ የሚደረግ ምርመራ ነው።

ከፖምፓው የተቆራረጡት ክንፎች ወዴት ሄዱ? ይህን ጥያቄ ማንም ስላልጠየቀህ እኔ እጠይቅሃለሁ። ክንፎቹን ቁጠርና የጎደለውን ሁሉ ፈልግ፤ ውኃው ገፍቷቸው በሙቀት መለዋወጫው (የሐይቁ ውኃ የሞተሩን የራሱን ውኃ በሚያቀዘቅዝበት ዕቃ) አፍ ላይ ይከማቻሉ። እነርሱን ሳታወጣ አዲስ ጎማ ብትገጥም ሞተሩ እምቦጭ ሳይኖርም ይግላል።

ፖምፓውን ሙሉ በሙሉ መለወጥ ላያስፈልግህ ይችላል። ኩሽኔታዎቹ ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ ቁጥሩም ዓለም አቀፍ ነው። ለምሳሌ 6203 የሚል ካገኘህ ውስጡ 17፣ ውጩ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ መኪና ዲናሞ ውስጥም ያው ኩሽኔታ ስላለ የትም ታገኘዋለህ። የመከላከያ ጎማዎቹም ልክ በላያቸው ላይ ተጽፏል። የሚያስቸግርህ የጎማ ክንፉ ነው፤ እርሱን በውጭ ስፋቱ፣ በርዝመቱ፣ በመሐል ዘንጉ ልክና በክንፎቹ ብዛት ትፈልጋለህ እንጂ በሞተሩ ስም አትፈልገውም። ስታገኝ ሁለት ግዛ፤ አንዱ ከመሣሪያ ሣጥኑ አይውጣ።

በተዘጋው ዙር ውስጥ የሞተሩን የራሱን ውኃ የሚያሽከረክረው ፖምፓና ቴርሞስታቱ ከትራክተር ሊወሰዱ ይችላሉ፤ የቱቦዎቹ አቅጣጫና የማሰሪያ ቀዳዳዎቹ መግጠማቸውን ግን አስተያይ። ይህን ስል ጀልባህ ሙቀት መለዋወጫ እንዳለው ገምቼ ነው። ጣና ጨው የሌለው ውኃ ስለሆነ እኛ ቀይ ባሕር ላይ ያሠቃየን ዝገት አያገኝህም። ሙቀት መለዋወጫው ላይ የሚታሰረው የመሥዋዕት ብረት (በሌላው ብረት ፈንታ ራሱ እንዲበላ የሚደረገው) ግን ዚንክ ከሆነ በጣፋጭ ውኃ ውስጥ ላዩ ይሸፈንና ሥራውን ያቆማል፤ ማግኒዥየም ፈልግለት።

ማኒፎልዱን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ የትራክተሩን አትግጠም። የጀልባው ማኒፎልድ በዙሪያው ውኃ የሚዞርበት ስለሆነ ላዩ እንደ ደረቁ አይግልም፤ የትራክተሩ ደረቅ ነው፣ ነፋስ እያቀዘቀዘው እርሻ ላይ የሚሠራ ነው። በተዘጋ የጀልባ ሆድ ውስጥ፣ እንጨትና የናፍጣ ቱቦ አጠገብ ሲግል ምን እንደሚሆን መገመት ይቻላል። ስንጥቁን ብረት ቀልጦ ከሚፈስበት ብየዳ ቤት ወስደህ አሳየው፤ ከተበየደም በውኃ ግፊት ሳይፈተን አትመልሰው።

መልስ፦ የፖቶማክ ዳር

እኔ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው፤ ጀልባዬ የቤንዚን ስለሆነች ጉዳዬ ከጠያቂው ይለያል። ቢሆንም ሞተሪኖውን አስመልክቶ የሚጠቅም ነገር አለኝ። ሞተሬ መርክሩዘር 3.0 ሲሆን መሠረቱ የጄኔራል ሞተርስ ባለ አራት ሲሊንደር የመኪና ሞተር ነው፤ ስለዚህ ካንዴላውን፣ የዘይት ፊልትሮውንና ቺንጊያውን ለዓመታት ከመኪና ዕቃ መደብር ስገዛ ቆየሁ፣ ምንም አልሆንሁም። በዚህ ተደፋፍሬ ዲናሞውንም ከዚያው ገዛሁ፤ የታሰረበት ቀዳዳም፣ መዘውሩም ልክ ነበር። በኋላ ጀልባዋን የመረመረው ባለሙያ ገና ሲያየው ዲናሞውን ፈትቼ እንዳወጣው አዘዘኝ። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ጀልባ ሆድ ውስጥ ይተኛል፤ የመኪና ዲናሞና ሞተሪኖ ደግሞ በውስጣቸው የሚፈጠረው ብልጭታ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሆነው አልተሠሩም። የአሜሪካ የፌዴራል ደንብ በእንዲህ ያለ ጀልባ የሞተር ክፍል ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ዕቃ በዙሪያው ያለውን ተን እንዳያቀጣጥል ያዝዛል፤ ዕቃው ላይ የሚታየው ምልክት ኤስኤኢ ጄ1171 የሚለው ነው። ካርቡሬተርና የቤንዚን ፖምፓም እንዲሁ ናቸው፤ የመኪናው ሲያፈስ መሬት ላይ ያፈስሳል፣ የጀልባው ግን ትርፉን ወደ ሞተሩ እንዲመልስ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ናፍጣ እንደ ቤንዚን በቀላሉ ስለማይተን የጠያቂው ስጋት የእኔን ያህል አይደለም። ነገር ግን የብረት ጀልባ ስለሆነ ሞተሪኖውን ከመግዛቱ በፊት የአሮጌውን ገመዶች ይመልከት። ሁለት ወፋፍራም የገመድ ማሰሪያዎች ካሉትና አካሉ ከኔጋቲቭ ጋር ካልተገናኘ፣ መብራቱ በጀልባው ብረት በኩል እንዳይመለስ ሆን ተብሎ የተለየ ነው። የትራክተር ሞተሪኖ በአካሉ በኩል ስለሚመልስ ጀልባውን በውኃ ውስጥ ቀስ በቀስ ያስበላዋል።

ጠያቂው እንደገና፦ የዘጌ መስመር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የምጽዋው ጋሼ፣ በተለይ እርስዎን። ቁጥሩ ከሦስት ድርብ ቀለም ሥር ወጣ፣ በ«ኤል» እና «ዲ» ይጀምራል። የዘይት ማቀዝቀዣውን ባልዲ ውስጥ ስነክረው ምንም አረፋ አልነበረም፤ የፖምፓው ቀዳዳ ግን እንዳሉት በቀለም ተደፍኖ ነበር፤ ሽቦውን ስሰድበት ወተት የመሰለ ውኃ ተንጠባጠበ። ቴስታታውን አላነሣሁትም። ኩሽኔታውንና የመከላከያ ጎማዎቹን እዚሁ ባሕር ዳር አግኝቻለሁ፤ ከሙቀት መለዋወጫው አፍ ላይም አምስት የጎማ ቁራጮች አወጣሁ፣ አንድ ቁራጭ አሁንም ይጎድለኛል። ሞተሪኖው ባለ ሁለት ማሰሪያ ሆኖ ስለተገኘ የራሱን አሳድሰዋለሁ እንጂ አልለውጠውም።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ነጋዴው የትራክተር የናፍጣ ፖምፓ፣ ትንሹን መሳቢያ ሳይሆን ናፍጣውን ወደ መርጫዎቹ የሚገፋውን ዋናውን፣ በርካሽ ሰጥቶኛል፣ መልኩም አንድ ነው። የእኛ ጥቁር ጭስ ስለሚያበዛ ልለውጠው?

መልስ፦ ትራክተር ጠጋኙ

ቆይ፣ አይለውጡት። የሁለቱንም ፖምፓዎች ሰሌዳ ያንብቡ፤ ሲኤቪ ዲፒኤ የሚባለው የፖምፓ ዓይነት ከሆኑ ከዋናው ቁጥር ሌላ በእዝባር (/) የተከፋፈለ የማስተካከያ ቁጥር አላቸው፤ የመጨረሻው ክፍል ሞተሩ ያለ ሸክም የሚደርስበትን ከፍተኛ ዙር በደቂቃ ያመለክታል። የትራክተሩ አብዛኛውን ጊዜ ከጀልባው ያነሰ ነው፤ ቢገጥምም ጀልባዎ ፍጥነቷን አታገኝም፤ ዙሩን በብሎን ልጨምር ቢሉ ደግሞ የፖምፓ መሞከሪያ ማሽን ሳይኖር የማይሆን ሥራ ነው። ጭሱን በተመለከተ ጣና ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ያለ ስለሆነ ሞተሩ የሚስበው አየር ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ጥቂት ማጨሱ አያስደንቅም። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ያጽዱ፣ መርጫዎቹን ያስፈትሹ፣ የፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመ እምቦጭ ካለም ያስወግዱ። ስድስተኛውን የጎማ ቁራጭ ሳያገኙ ግን ሞተሩን እንዳያስነሱት፤ ከሙቀት መለዋወጫው ቀጥሎ ያለውን ክርን ቱቦ ፈተው ይመልከቱ።