የፒካፕ የኋላ ታምቡር አልወጣ አለኝ

ፒካፕ ነጂ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የፒካፔ የኋላ ፍሬን ባለታምቡር ነው (ከጎማው ጋር የሚዞር የብረት ከበሮ ያለው)። ሰሞኑን ፍሬን ስይዝ በቀኝ በኩል ከኋላ ይጮሃል። የእጅ ፍሬኑም እስከ ላይ ካልተሳበ አይዝም። ሸራው (ታምቡሩን ከውስጥ ፈትጎ የሚያቆመው) አልቆ እንደሆነ ልየው ብዬ ጎማውን ፈታሁ። ታምቡሩ ግን ንቅንቅ አልል አለ። አንድ ሰዓት ሙሉ በመዶሻ ደበደብኩት። የእጅ ፍሬኑን ለቅቄዋለሁ፣ እሱን እንዳትጠይቁኝ። ሌላ ምን ልሞክር?

ዳዶ ፈቺ፦
መጀመሪያ መዶሻውን አስቀምጥ ወንድሜ። የታምቡር ብረት ጠርዙን ሲመቱት ይሰነጠቃል እንጂ አይታጠፍም። ፊቱን በደንብ እየው። ከጎማ ቡሎኖቹ ሌላ ውስጣቸው ጥርስ ያላቸው ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ሳይኖሩት አይቀርም። በብዙ ፒካፖች ላይ ባለ 8 ሚሊ ቡሎን ይገባባቸዋል። ሁለት ቡሎን አስገባና ተራ በተራ፣ ግማሽ ግማሽ ዙር እያልክ አጥብቅ። ታምቡሩ ራሱን እየገፋ ይወጣል። አንዱን ብቻ ካጠበቅህ ግን ተንጋዶ ይነክሳል። መሃሉ ዝጎ ከሆነ የዝገት ማላቀቂያ ንፋበትና ሩብ ሰዓት ተወው።

ባለ ካቫሌቶ፦
ይሄ የሚሠራው የያዘው ዝገት ከሆነ ነው። እስቲ ንገረን፣ ታምቡሩ ጭራሽ አይነቃነቅም ወይስ ትንሽ መጥቶ ይቆማል? ጭራሽ ካልተነቃነቀ ዝገት ነው፣ ዳዶ ፈቺ ያለህን አድርግ። ጥቂት ሚሊ መጥቶ ቀጥ ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። ታምቡር ሲያረጅ ሸራው የሚነካው ቦታ ይበላና ጠርዙ ላይ ከንፈር ያወጣል። ሸራው ከዚያ ከንፈር ጀርባ ይቀረቀራል። በቡሎን ካስገደድከው ሸራውን የያዙትን ፒኖች ነቅለህ ነው የምታወጣው።

መፍትሔው ከጀርባ ነው። ከኋላ ባለው የብረት ሳህን ላይ በጎማ የተደፈነች ቀዳዳ አለች። ጎማዋን አውጣ። በባትሪ ስታይ የሬጂስትሮው (ሸራውን ወደ ታምቡሩ የሚያስጠጋው ማስተካከያ) ጥርስ ይታይሃል። ሸራው እንዲላላ እሱን ነው የምታዞረው። ጥርሱ ላይ ያረፈች አንዲት ትንሽ የብረት ምላስ አለች። በቀጭን ካቻቢቴ ምላሷን ገፋ አድርገህ ያዝ፣ በሌላ ካቻቢቴ ጥርሱን አዙር። ምላሷን ሳታርቅ የሚዞርልህ ወደሚያጠብቀው አቅጣጫ ብቻ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተሸውዶ ይብስ አጥብቆት ያርፋል። እኔም አንዴ ሆኜዋለሁ።

በነገራችን ላይ የእጅ ፍሬኑ ከተለቀቀ መኪናውን የያዘው ምንድን ነው? የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርግባቸው። በክሪክ ብቻ ቆሞ ደግሞ እጅህን አታስገባ፣ ካቫሌቶ (መኪናውን ደግፎ የሚይዝ የብረት እግር) ይግባበት።

ፒካፕ ነጂ፦
ወጣ! ትንሽ መጥቶ ነበር የሚቆመው፣ ከንፈሩ ነው። ግን አዲስ ጉድ መጣ። የቀኙ ሸራ ረጥቧል፣ ጥቁር ጭቃ መስሏል። ውፍረቱ 2 ሚሊ ያህል ቀርቶታል። ጓደኛዬ ፔዳሉን ይርገጥልኝና ከየት እንደሚያፈስ ልይ?

የጋራዥ ልጅ፦
ኧረ እንዳይረግጥ! ታምቡሩ ካልተገጠመ ሸራዎቹን የሚገፋውን የሲሊንደሩን ፒስተን የሚያቆመው የለም። ተገፍቶ ይወጣና የፍሬን ዘይቱ በሙሉ መሬት ላይ ነው።

ሳትረግጥም ይታወቃል። በጣትህ ነካ አድርገህ አሽትተው። የፍሬን ዘይት ቀጠን ያለ ነው። የዲፈረንሻል ዘይት ወፍራም ነው፣ ሽታውም የተበላሸ እንቁላል ዓይነት ነው። ከዚያ የሲሊንደሩን የአቧራ ጎማ በቀስታ ገልጠህ እይ። ውስጡ ከረጠበ ሲሊንደሩ ነው። እሱ ደረቅ ሆኖ እርጥበቱ ከመሃል፣ ከአክሱ (ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ) በኩል ከመጣ ፓራዮሊው (ዘይቱ እንዳያልፍ የሚከለክለው የጎማ ቀለበት) ነው።

ሸራውን በተመለከተ፣ ብዙ መመሪያዎች ዝቅተኛው 1 ሚሊ ነው ይላሉ። ስለዚህ 2 ሚሊ ገና ነበር። ዘይት ከጠጣ ግን አለቀለት። በቤንዚን አጥቤ እመልሰዋለሁ ብለህ እንዳትደክም፣ ሲሞቅ ዘይቱን መልሶ ይተፋዋል። ስትቀይር የሁለቱንም ጎን ቀይር፣ አለዚያ ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትትሃል። ታምቡሩንም ሳትለካ አትመልሰው። የሚፈቀደው ትልቁ የውስጥ ስፋት ብዙውን ጊዜ ብረቱ ላይ ተጽፏል። ካለፈ ይጣላል፣ ተርኖም (በማሽን ውስጡን ማስላጥ) አያድነውም።

አቧራውን ደግሞ በኮምፕሬሰር እንዳትነፋው። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ አለባቸው፣ ለሳንባ ጠንቅ ነው። በሳሙና ውሃ አርጥበህ ጥረገው።

ፒካፕ ነጂ፦
ሲሊንደሩ ደረቅ ነው። ዘይቱ ወፍራም ነው፣ ይሸታልም። ፓራዮሊው ነው ማለት ነው። ሸራ ብቻ ቀይሬ ልዘጋው ነበር እኮ!

ባለ ካቫሌቶ፦
ፓራዮሊውን ከመቀየርህ በፊት የአክሱን መተንፈሻ እይ። ከላይ በኩል ያለች ትንሽ ክዳን ናት። በጭቃ ከተደፈነች ዘይቱ ሲሞቅ ግፊቱ መውጫ ያጣና በፓራዮሊው በኩል ይገፋል። ያኔ አዲሱም ብዙ አይቆይልህም። የዲፈረንሻሉ ዘይት ከልክ በላይ ተሞልቶ እንደሆነም አረጋግጥ።

ፒካፕ ነጂ፦
መተንፈሻው ድፍን ብሏል! አሁን ጸድቷል። የመጨረሻ ጥያቄ። የግራውንም ፈትቼ ነበር፣ ሁለቱ ሬጂስትሮዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀላቀሉብኝ። ለውጥ አለው?

ዳዶ ፈቺ፦
አንዱን ገጥመህ ሳትጨርስ ሌላውን አትፍታ የሚባለው ለዚህ ነበር። ያልተፈታው ጎን አገጣጠሙን የምታይበት ፎቶህ ነው።

የጋራዥ ልጅ፦
አዎ፣ ለውጥ አለው። በብዙዎቹ ላይ የግራና የቀኙ ጥርስ የሚዞረው ተቃራኒ ነው። ካቀያየርካቸው ፍሬኑ ራሱን ማጥበቁን ትቶ እየላላ ይሄዳል። መለየቱ ቀላል ነው። ቦታው ላይ አስቀምጠውና ምላሷ በምትገፋበት አቅጣጫ ጥርሱን በጣትህ አዙር። ከረዘመ ቦታው ነው። ካጠረ የዚያኛው ጎማ ነው።