ለውሻ ዓይን በግ ይሸጣል?

ጠያቂው፣ ከደብረ ማርቆስ፦ ውሻዬ 9 ዓመቱ ነው። ከክረምት ወዲህ በግራ ዓይኑ ውስጥ ጥቁር ነገር በቅሎ ብሌኑን እየሸፈነው ነው። የእንስሳት ሐኪም «ዕጢ ነው፤ ዓይኑ ቢወጣ ይሻላል» አለኝ። ለመክፈል በግ መሸጥ ሊኖርብኝ ነው። እናቴ ደግሞ «ለውሻ በግ የሸጠ ልጅ እናት ተብዬ ገበያ አልወጣም» ብላ አኩርፋለች። ምን ትላላችሁ?

ገበሬ፣ ከቡሬ፦ እናትህ እውነታቸውን ነው። ማዳበሪያ እንዲህ በተወደደበት ዘመን! ውሻ ሲያረጅ ቡችላ ይተካል። አባቶቻችን የውሻ ዓይን ሲያስወጡ አላየንም።

መምህርት፣ ከፍኖተ ሰላም፦ ጋሼ፣ አባቶቻችን በሬም አያስከትቡም ነበር፤ እርስዎ ግን ያስከትባሉ። ያ በግ እስከ ዛሬ በጅብ ያልተበላው በማን ጩኸት ነው?

የእንስሳት ሐኪም፣ ከባሕር ዳር፦ በውሻ ዓይን ውስጥ የሚበቅል ጥቁር ዕጢ ብዙውን ጊዜ ወደ ሌላ አካል አይዛመትም። ክፋቱ ሌላ ነው። እያደገ ሲሄድ የዓይኑን ፈሳሽ መውጫ ይዘጋል፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ ግላኮማ የምንለው ይከተላል። ሕመሙ ብርቱ ነው፤ ውሻ ግን ብዙ ጊዜ አያለቅስም፤ ይተኛል፣ ምግብ ይቀንሳል፣ ራሱን ሲነኩት ይሸሻል። ዓይኑ ካልቀላ፣ ካላበጠና ካላመመው በየጊዜው እያሳዩ መጠበቅ ይቻላል። ካመመው ግን ይውጣ። ዕድሜው ብቻውን አይከለክልም፤ ከማደንዘዣው በፊት ልቡና ኩላሊቱ ይታይ።

ገበሬ፣ ከቡሬ፦ አንድ ዓይና ውሻ ምን ሊጠብቅ?

ነጋዴ፣ ከሞጣ፦ የእኔን ውሻ በሬ ወግቶት አንድ ዓይኑ ከጠፋ 3 ዓመት ሆነው። ጅብን የሚያውቀው በአፍንጫው ነው። በታወረው በኩል ድንገት ሲቀርቡት ብቻ ይደነግጣል።

ገበሬ፣ ከቡሬ፦ ይሁን። ግን በዚያ ገንዘብ ስንት ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስድ ነበር? እሱ የሰው ነፍስ ነው!

የእንስሳት ሐኪም፣ ከባሕር ዳር፦ በዚህ አልከራከርዎትም። ወንድሜ፣ ያንተስ ተከትቧል?

ጠያቂው፣ ከደብረ ማርቆስ፦ አልተከተበም። ትናንት ግንባሩን ስነካው ሊነክሰኝ ቃጣ።

የእንስሳት ሐኪም፣ ከባሕር ዳር፦ የዓይኑ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ያልተከተበ ውሻ ጠባዩን ሲለውጥ ግን በዋዛ አይታለፍም። አስረህ ልጆች አርቅ። ከነከሰህ ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ታጠብና ጤና ጣቢያ ሂድ።

ጠያቂው፣ ከደብረ ማርቆስ፦ እሺ፤ ነገ ሐኪሙን ቤት ድረስ አመጣለሁ። በጉን ግን እናቴ ገበያ ሳትሰማ የሚገዛኝ ማን አለ?

ገበሬ፣ ከቡሬ፦ ስንት ትላለህ?