ክርክር፦ የሰርግ አዳራሾች ፈቃድ ሲያድሱ በቆሻሻቸው ይጠየቁ?

የሰሚቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥር እየመጣ ነው፣ ሰርጉ ሳይጀመር ይህችን ብንከራከርባት ብዬ ነው። የኔ አቋም ግልጽ ነው። የአዲስ አበባ የሰርግና የስብሰባ አዳራሾች ንግድ ፈቃድ ሲያድሱ ቆሻሻቸውን የት እንደሚያደርሱት ይጠየቁ። በትንንሽ ሃይላንድ ውሃ ማደል ይቁም። ያልተነካ ምግብም ለሚበላው ሰው የሚደርስበት መንገድ ይኑር። 500 ሰው በተጠራበት ሰርግ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ሃይላንድ ቢቀርብ 1000 ፕላስቲክ ነው፣ ያውም ብዙው አንዴ ተጎንጭተውለት ጠረጴዛ ላይ የሚቀር። ምክር ቤቱ በ2017 ዓ.ም. ፌስታል የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፣ ሃይላንዱ ግን እንዳለ ነው። ቆሻሻው ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሚገባው ቆሼ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው የሞተው እዚያ መሆኑን አንርሳ።

ዲኮር ሠሪው፦
እህቴ ሀሳብሽ ደስ ይላል፣ ግን አዳራሹን ምን አገባው? ምግቡን የሚያመጣው ካተሪንጉ ነው። አበባውን የማመጣው እኔ ነኝ። ውሃውን ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ራሱ በእሽግ በእሽግ ገዝቶ ያስገባል። ባለ አዳራሹ ያከራየው ቤቱን ነው። ግዴታ ሲበዛ ኪራይ ይጨምራል፣ የሚከፍሉት ደግሞ ሙሽሮች ናቸው። እነሱ ከወዲሁ ተበድረው ነው የሚደግሱት።

ኢንጂነሩ፦
ቆሼም እኮ ረጲ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያመነጭ ጣቢያ በ2010 ተመርቋል። ቢጣልም መብራት ይሆናል፣ ለምን ይሄን ያህል እንጨነቃለን?

የሰሚቷ፦
ኢንጂነር፣ ውሃ የቋጠረ ወጥና ጎመን እኮ ቶሎ አይነድም። ከደረቁ ጋር ተቀላቅሎ ሲሄድ የማቃጠሉንም ሥራ ያበላሻል። ለዚህ ነው ከምንጩ ይለይ የምለው። እርጥቡ ለብቻ ከተቀመጠ ኮምፖስት የሚሠሩ ማኅበራት ይወስዱታል፣ ፕላስቲኩን ደግሞ ቆራሌው ራሱ መጥቶ ይገዛል። ሁሉም አንድ ጆንያ ውስጥ ከተደፋ በኋላ ግን ማንም አይነካውም።

የካተሪንግ ልጅ፦
እኔ በዚህ ሥራ ነው የምተዳደረው፣ ከጓሮ ያለውን ልንገራችሁ። ኬኩ ተቆርሶ ጭፈራው ሲደራ እኛ ማሸግ እንጀምራለን። ከማሞቂያው የሚመለስ ወጥ አለ። እሱ ሰው ሁሉ ጭልፋ አስገብቶበታል፣ ሰዓታትም ቆይቷል፣ ለሰው ይሰጥ አልልም። ግን ጭራሽ ወደ ቡፌው ያልወጣም አለ። ምስር፣ አልጫ፣ ጎመን፣ በየድስቱ እንደተከደነ። እንጀራውም ከነማሸጊያው። እሱም አብሮ ይደፋል። ምክንያቱ ክፋት አይደለም። መኪና የለም፣ መሽቷል፣ ለማን እንደሚደወል የሚያውቅ የለም፣ አዳራሹ ደግሞ እስከዚህ ሰዓት አጽድታችሁ ውጡ ይላል። አዳራሹን ምን አገባው ለምትለው ወንድሜ መልሱ ይሄ ነው። ሰዓቱ በሱ እጅ ነው። አንድ ፍሪጅ ቢያስቀምጥና እስከ ጠዋት ቢያቆይልን እኮ የሚተርፈው ብዙ ነው።

እማማ ጉለሌ፦
ልጄ፣ ትርፍራፊ ለድሃ ከሚለው ነገር ግን ተጠንቀቁ። ከትልልቅ ሆቴል የሚወጣው ተደባልቆ ቡሌ ተብሎ ሲሸጥ ያየ ሰው ያውቀዋል። ሰው ስለራበው የተበላሸ ይብላ ማለት ነውር ነው። ከሰጣችሁ ለራሳችሁ የምታቀርቡትን ስጡ።

የካተሪንግ ልጅ፦
እማማ ልክ ነዎት። ለዚህ ነው ያልተነካው ብቻ ያልኩት፣ እሱም ከመጀመሪያው ተለይቶ። ሥጋውን በተለይ ጥሬውን አላስገባውም።

የእድር ጸሐፊ፦
እኔ የሚገርመኝ ይሄን እንደ አዲስ ነገር ማየታችን ነው። እድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ድስት፣ ሳህን፣ ብርጭቆ አለው። ሁሉም ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል። የሰበረ ይተካል። ጠላው በጣሳ፣ ጠጁ በብርሌ ይቀርባል፣ ሲያልቅ ይታጠባል። ድግሱ የጎደለበት ነገር የለም። አዳራሹ ለኪራይ ያን ሁሉ ብር እየተቀበለ ብርጭቆ ማጠብ ያቅተዋል?

ባለ አዳራሽ፦
ጋሼ ያቅተዋል፣ እውነቱን ልንገርዎት። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሮቶዬ በአንድ ሰርግ ቀን ይራቆታል፣ ከዚያ በቦቴ መግዛት ነው። 500 ብርጭቆ፣ 500 ሳህን፣ መጸዳጃ ቤቱ ሲጨመርበት አስቡት። በዚያ ላይ እንግዳው በጆግ የቀረበ ውሃ አይጠጣም፣ የቧንቧ ነው ብሎ ይጠረጥራል። ሞክሬው ሃይላንድ አምጡ ተብዬ ተሰድቤያለሁ። ፈቃድ ከልካዩ መጀመሪያ ውሃውን ያምጣልን።

የሰሚቷ፦
የውሃው ነገር እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ባለ 20 ሊትሩ ጃር አለ። እንግዳው እያየ ይከፈት፣ በየጥጉ ይቀመጥ። ፋብሪካው ጃሩን መልሶ ወስዶ ይሞላዋል። የሚታጠበው ብርጭቆ ብቻ ነው።

ዊልቸር ላይ ያለሁ፦
ሁላችሁም ፕላስቲክ ላይ ናችሁ፣ እኔ ስለሰው ላውራ። በእህቴ ሰርግ አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ነበር። መብራት ጠፋ፣ ጀነሬተሩ ተነሳ፣ ግን ለድምፁና ለአዳራሹ መብራት እንጂ ለሊፍቱ አይበቃም ተባለ። አራት ወንዶች ከነዊልቸሬ ተሸክመው አወጡኝ። ሱፍ ለብሼ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። መጸዳጃ ቤቱ በር ደግሞ ዊልቸር አያስገባም፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳልጠጣ ዋልኩ። አሁን ግዴታ ይብዛብን አይብዛብን ስትሉ ይሄኛውን አዲስ አታስመስሉት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የህንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ ህንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖራቸው አዟል። የጎደለው የሚያስፈጽም ሰው ነው። አካባቢን እንጠብቅ የሚል አዳራሽ እኔን በር ላይ ካስቀረኝ ለኔ ምንም አልጠበቀም።

ዲኮር ሠሪው፦
ወንድሜ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። እኔ ራሴ ስንቴ ለመድረክ ብዬ የጎን መግቢያውን በአበባ ዘግቻለሁ።

አስተናጋጅ የነበርኩ፦
ሌላም ሰው አለ። አስተናጋጇ። የቀን ሠራተኛ ናት፣ ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ትቆማለች። ሲያልቅ ታክሲ የለም። እኔ ኮተቤ ነበር የምገባው፣ እየፈራሁ። ለዲጄው መኪና ይታዘዛል፣ ለኛ ግን አይታሰብም። አንድ ሚኒባስ ነው የጠየቅነው።

የአዳራሽ ጎረቤት፦
ድምፁንም ጨምሩልኝ። ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ልክ ቀን 55፣ ማታ 45 ዴሲቤል ነው። የኛ መስኮት ግን ይንቀጠቀጣል።

ባለ አዳራሽ፦
እሺ። ጃሩን በጥር እሞክረዋለሁ። ፍሪጁም አያቅተኝም። ሚኒባሱን ግን ማን ይክፈል? ኪራዬ ላይ ብጨምር ደንበኛው ጎረቤት ያለው አዳራሽ ይሄዳል። ሁላችንም ላይ እኩል ከተጣለ ነው የሚሆነው።

የሰሚቷ፦
እኔም እኮ ፈቃድ እድሳቱ ላይ ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው። እርስዎ ብቻዎን ቢያደርጉት ይከስራሉ። ሁሉም ሲጠየቅ ግን ማንም ማንንም በዋጋ አይበልጥም። ሊፍቱና መግቢያው መጀመሪያ ይሁን፣ ሕጉ አለና። ሚኒባሱ ውል ላይ ይጻፍ። ሃይላንዱን ለማቆም አንድ ዓመት ጊዜ ይሰጥ፣ ሮቶ ለመጨመርም ይበቃል።

እማማ ጉለሌ፦
አንድ ዓመት አበዛሽ። ሰዓት እላፊ ከሥራ የምትወጣዋ ልጅ አንድ ዓመት ትጠብቅ?

የሰሚቷ፦
አይ እማማ፣ አንድ ዓመቱ ለሃይላንዱ ብቻ ነው። ሚኒባሱ ከዚህ ጥር ይጀምር።

የካተሪንግ ልጅ፦
በዚህ ጥር የምትደግሱ ካላችሁ፣ ምግቡን የሚቀበል የእርዳታ ድርጅት ከሰርጉ ሁለት ቀን በፊት አነጋግሩ። በምን ሰዓት፣ በምን ዕቃ እንደሚረከቡ ጠይቁና ለካተሪንጉ ስልካቸውን ስጡት። የዚያኑ ማታ ደውላችሁ ማንንም አታገኙም።