አምፑ ድምፁን እየሰነጠቀብኝ ነው፣ ጌኑ ስንት ላይ ይሁን?

ባለ ቪትዝ፦
ሰላም ናችሁ? ከጎንደር ነኝ። ባለፈው ወር ቪትዜ ላይ ባለ አራት ቻናል አምፕ (ድምፅ ማጉያ) አስገጠምኩ። ሁለቱ ቻናል የፊት በር ስፒከሮችን ነው የሚነዳው፣ ሁለቱ ብሪጅ ሆነው (እንደ አንድ ተጣምረው) ደግሞ ከኋላ ያለችውን ባለ 10 ኢንች ቤዝ። የገጠመልኝ ልጅ ጌኑንም ቤዝ ቡስቱንም ጥግ ድረስ አዙሮ «በቃ፣ ፒያሳ ከፍተኸው አዘዞ ይሰማል» ብሎ ሸኘኝ። መጮሁስ ይጮሃል። ግን ቴፑን ከግማሽ ሳሳልፈው ማሲንቆው ቆርቆሮ ይሆናል፣ ከበሮ ሲመታ የበሩ ፕላስቲክ አብሮ ይንጫጫል። ትናንት አዘዞ ስደርስ ደግሞ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፣ ቆሜ ባሸት ባሸት ከቤዙ ሳጥን ነው። ኤች ፒ ኤፍ፣ ኤል ፒ ኤፍ የሚሉ ቁልፎችም አሉ፣ ለመንካት ፈራሁ።

ካቻቢቴ፦
መጀመሪያ ቤዟን አሳርፋት። የሸተተህ የቮይስ ኮይሉ፣ ውስጧ ያለው የሽቦ ጥቅል ነው።
ጌን ድምፅ መጨመሪያ አይደለም ወንድሜ፣ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። አንዳንዱ ቴፕ ድምፁን ወደ አምፑ በሚወስደው በአርሲኤ ገመድ 2 ቮልት ያወጣል፣ ሻል ያለው 4። ጌን አምፑን ከዚያ ጋር ማግባቢያ ነው፣ ብዙ አምፕ ላይ ቁልፉ ዙሪያ ከ0.2 እስከ 6 ቮልት የተጻፈው ለዚህ ነው። ጥግ ድረስ ሲያዞረው አምፑን «የሚመጣልህ 0.2 ቮልት ብቻ ነው» አለው ማለት ነው። 2 ቮልት ሲደርሰው አቅሙ አይችልም፣ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል። ቆርቆሮ ያልከው እሱ ነው።
የአምፑ አር ኤም ኤስ፣ ማለትም ሳያቋርጥ የሚሰጠው ትክክለኛ ዋት ስንት ነው? ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን 1000 ዋት እርሳው።

ባለ ቪትዝ፦
ወረቀቱ 50 ዋት በ4 ቻናል ይላል፣ ብሪጅ ሲሆን 150 ዋት። ሁሉም በ4 ኦም።

ካቻቢቴ፦
ጥሩ። ዋቱን በኦሙ አባዛና ካሬ ሩቱን አውጣ። ለፊቱ 50 ዋት በ4 ኦም፣ 200፣ ካሬ ሩቱ 14.1 ቮልት። ለቤዙ 150 በ4፣ 600፣ 24.5 ቮልት። አሁን የስፒከር ሽቦዎቹን ከአምፑ ንቀል፣ ይሄን እንዳትረሳ። ቤዝ ቡስቱን ዜሮ፣ የቴፑን ኢኳላይዘር ፍላት፣ ፊልተሮቹን (ኤች ፒ ኤፍ፣ ኤል ፒ ኤፍ ያልካቸውን) ፉል፣ ማለትም ምንም እንዳይቆርጡ አድርግ፣ ጌኑን መልሰህ ዝጋ። ሞተሩን አስነሳና ፍላሽ ላይ የ1000 ኸርዝ የሙከራ ድምፅ ጭነህ ክፈት፣ ለቤዙ 50 ኸርዝ። ቴፑን ሦስት አራተኛ ላይ አቁም፣ ማለትም 40 ድረስ ከሄደ 30። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ የስፒከር መውጫው ላይ ያዝና ጌኑን በቀጭን ካቻቢቴ ቀስ እያልክ አዙር። ቁጥሩ ላይ ሲደርስ እጅህን አንሳ።

የማራኪ ልጅ፦
እኔ በጆሮዬ ነው የማስተካክለው፣ ቴስተር ምን ያደርጋል? እስኪሰነጠቅ ትጨምራለህ፣ ትንሽ ትመልሳለህ።
ፊልተሩን ግን ልንገርህ። የፊቶቹን ኤች ፒ ኤፍ (ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጠውን) 80 ኸርዝ ላይ አድርግ፣ ስፒከሮቹ ትንንሽ ከሆኑ 100። የቤዙን ኤል ፒ ኤፍ (ቀጭኑን የሚቆርጠውን) 80። ያኔ ከበሮው ወደ ኋላ ይሄድልሃል፣ በሩም መንጫጫቱን ይተዋል። ቁጥሩ ግድግዳ አይደለም፣ 12 ዲቢ (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) የሚቆርጥ ፊልተር 80 ላይ ቢሆንም 60 ኸርዝ በሩ ላይ ትንሽ ይሰማል። ስለዚህ ዘፈን ከፍተህ አስተካክለው።

ካቻቢቴ፦
በጆሮ ማድረጉን አልቃወምም፣ ግን የእሱ ጆሮ ወር ሙሉ የተሰነጠቀ ድምፅ ለምዷል። ደግሞ ቤዝ ቡስቱን ዜሮ ላይ ይተወው። ቡስቱን 12 ዲቢ መጨመር ማለት እኮ በዚያ ወፍራም ድምፅ ላይ 16 እጥፍ ዋት መጠየቅ ነው።

ባለ ቪትዝ፦
ቴስተር ከጎረቤት ተውሼ ሠራሁት። የፊቱ ጌን ሩብ ዙር እንኳን ሳይሄድ 14 ገባ! ማሲንቆው ጥርት አለ። አሁን ደግሞ ሌላ መጣ፣ ሞተሩ ሲነሳ ዚ...ዚ የሚል አለ፣ ነዳጅ ስረግጥ ይቀጥናል።

የማራኪ ልጅ፦
እሱ ከዳይናሞው ነው። አርሲኤው ከባትሪ ከሚመጣው ወፍራም ሽቦ ጋር አብሮ ከሄደ በሌላ ጎን አሳልፈው። ማሳውንም፣ ከአምፑ ወደ መኪናው ብረት የሚታሰረውን ሽቦ እይ፣ ቀለም ላይ ታስሮ ይሆናል።

ባለ ቪትዝ፦
ቀለም ላይ ነበር! በቢላ ፍቄ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ አጸዳሁት፣ አጠበቅኩት፣ ዚ ጠፋ። ቤዟን ግን በእጄ ጫን ሳደርጋት ውስጥ ለውስጥ ትፈትጋለች።

ካቻቢቴ፦
አልቆላታል። አዲሷን ሲገጥሙልህ ቁጭ ብለህ ጠብቅ፣ ጌኑን ማንም እንዳይነካብህ።