የአባቴ ዐይን ይውጣ ወይስ በጨረር ይታከም?

የአራት ኪሎዋ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለመነጽር ብሎ የታየው የ61 ዓመት አባቴ ግራ ዐይኑ ውስጥ ሜላኖማ የተባለ የካንሰር ዕጢ ተገኘበት። ወረቀቱ ቁመቱ 6፣ ስፋቱ 11 ሚሊ ሜትር ይላል። አንድ ሐኪም ዐይኑ ይውጣ አሉ፤ ሌላዋ ውጭ አገር በጨረር ማዳን ይቻላል አሉን። አባቴ «ጨረር አንጎሌን ያቃጥለዋል» ብሎ እንቢ ብሏል፤ ወንድሞቼ ደግሞ ቤቱን እንሽጥ እያሉ ነው።

የጨረር ክፍል ሠራተኛ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርላችሁ። ለአባትሽ እንዲህ በይው፦ የካፖርት ቁልፍ የምታክል የወርቅ ሳህን አለች፤ ውስጧ አዮዲን 125 የሚባል ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ቅንጣቶች ተደርድረዋል። ሐኪሙ ዕጢው ካለበት ትይዩ፣ ከዐይኑ ነጭ ክፍል በውጭ በኩል ይሰፋታል። ወርቁ ጨረሩ ወደ ኋላ እንዳያልፍ ያግደዋል። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ቆይታ ትወጣለች። ሩቴኒየም 106 የሚባለው ሳህን ግን ለቀጫጭን ዕጢ ነው፤ 6 ሚሊ ሜትር ድንበሩ ላይ ስለሆነ የትኛውን እንደሚጠቀሙ ጠይቁ። ፕሮቶን በሚባል፣ በመሣሪያ ከውጭ በሚላክ ጨረር የሚያክሙም አሉ፤ እሱ በአገራችን የለም።

ቤት ከመሸጣችሁ በፊት ግን ይህን አስቡ። በአሜሪካና በካናዳ 1,317 ታካሚዎች ዐይን በማውጣትና በአዮዲን ሳህን ተከፍለው ታክመው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ውጤት በሕይወት በመቆየት በኩል ልዩነት አላሳየም። የአባትሽም ዕጢ በዚያ ጥናት መካከለኛ ከተባሉት ነው። ስለዚህ ገንዘቡ የሚወጣው ዕድሜ ለመግዛት ሳይሆን ዐይኑን ለማቆየት ነው። ዐይኑ ቢወጣ አባታችሁን ጣላችሁት ማለት አይደለም።

አስታማሚ፦ ባለቤቴ ሕንድ አገር ሄዳ ሳህኑ ተደርጎላታል። ዐይኗ አለ፤ እይታው ግን ቀስ በቀስ ደከመ፤ ይህን አስቀድሞ የነገረን አልነበረም። ዕጢው ከዐይን ነርቭ ምን ያህል እንደሚርቅ ጠይቁ፤ በቀረበ ቁጥር እይታው ይበልጥ ይጎዳል። ሳህኑ እስኪወጣ ድረስ ነፍሰ ጡርና ሕፃን እንዳይቀርቧትም ተነግሮን ነበር።

የእንጦጦ ልጅ፦ መጀመሪያ ጠበል ይጠመቅ።

የጨረር ክፍል ሠራተኛ፦ ይጠመቅ እንጂ፤ ቀጠሮው ግን በጠበል ምክንያት አይተላለፍ። ይህ ዕጢ ሲሰራጭ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጉበት ነው የሚሄደው። የአውሮፕላን ትኬት ሳትቆርጡ የጉበት ምርመራ እዚሁ አዲስ አበባ ይደረግለት፤ ከሕክምናውም በኋላ ለዓመታት ክትትል አይቀርም። ሁለቱ ሐኪሞች ስላልተስማሙ ምኒልክ ሆስፒታል የዐይን ክፍል ሦስተኛ አስተያየት ጠይቁ።

የአራት ኪሎዋ፦ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የነርቩ ርቀት ወረቀቱ ላይ የለም። ሰኞ የጉበቱን አልትራሳውንድ እናስነሳና በዚያው እጠይቃለሁ።

አስታማሚ፦ የዐይኑን አልትራሳውንድ ምስሉንም ጭምር ተቀበሉ፤ እኛን ጽሑፉ ብቻውን አይበቃም ብለው እንደገና አስነስተውናል።